ጢን አለች

ጢን አለች። ከዚያ ወዲያ ዝም።
ሞላዋ ናት፤ ከሰናፍጭ ፍሬ አትበልጥም።
ከወረንጦው ከንፈር አምልጣ ስትበር
ዓይኔ አላያትም፤ ጆሮዬ ግን ነበር።

ካሜራው የማንም አይደል፤ ከእሑድ ገበያ
በርካሽ የገዛሁት፣ ለጡረታ ቀን መግደያ።

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከጧት እስከ ማታ፣
ፍሬን ይዤ ኖርሁ በቫልፓራይሶ ኮረብታ፤
ሐዲድ ላይ በቆመ ሣጥን ሰው ሲወጣ፣ ሲወርድ፣
እጄ ብረቱ ላይ፣ ልቤ ከሽቦው ገመድ፤
አንዲት ክር ብትበጠስ ከመቶው መካከል
ሳላይ እሰማለሁ፤ ዓይንማ ይታለላል።
አሁንም ሰማኋት፦ አንዴ ከጣውላው ላይ፣
አንዴ ከምድጃው እግር፤ ሦስተኛውስ? ዋጣት ሰማይ?

ይህን ሥራ የለመደ ሕጉን አይስተውም፦
አይነሣም፣ አይንቀሳቀስም፣ አይሳደብም።
(ሦስተኛውን ሕግ ጠብቄ አላውቅም።)

መብራቱን አጠፋሁ፤ ባትሪዬን አበራሁ፤
ጉንጬን ከወለሉ አጣብቄ ተኛሁ።
ብርሃን በደረቱ ሲሳብ በመሬት
ፍርፋሪም ጥላ አለው፣ የተራራ ርዝመት።

የልጅ ልጄ ያስና ያለቀሰችላት
አረንጓዴ ዶቃ፤
ግማሽ የግፊት ክኒን፣ ሐኪሜ «ዋጣት» ብላኝ
ወለሉ የዋጣት፤
የማን እንደሆነ የማላውቀው የጥፍር ቁራጭ።

ይህ ቤት ወደ ባሕሩ ያዘነብላል፤
ክብ የሆነ ሁሉ ከመስኮቱ ሥር ይከማቻል፤
ዶቃ ይገራል፣ ቁልቁለት ይመራዋል፤
ሞላ ግን ቁንጫ ነው፤ የት እንዳረፈ ማን ያውቃል?

ማግኔቴን በክር አስሬ፣ እንደ ዓሣ አጥማጅ፣
በጣውላው ስንጥቅ ሰደድሁት፣ በቀስታ እጅ።
አንዴ፤ ምንም። ሁለቴ፤ ዝገት።
በሦስተኛው ነከሰ። ጎተትሁት።

ሞላ አይደለም። ብሎን።
ጥቁር ራስ፣ አንድ ጭረት፣ የሩዝ ፍሬ ግማሽ።
አወቅሁሽ። ከሺህ ብሎን መሐል አልስትሽ።

የኤቫሪስቶ ካሜራ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት።
ፈትቼ ስገጥመው ጎደለችኝ አንዲት።
ፈለግሁ? አልፈለግሁም። ኩራት ጉልበት የለው፣
ወለል ላይ አይንበረከክ፤ ምላስ ግን አለው፦
«ሲመጣም ጎዶሎ ነበር» አልሁት በፊቱ፣
«ሌላ ሰው ነካክቶታል፤ ጠይቅ ከቤቱ።»
እሱም ካሜራውን ሸጉጦ በብብቱ
ወጣ። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።
ቢያላጋው በወደድሁ። ቢሰድበኝ።

ከዚያ ወዲህ ደረጃው ላይ ስንተላለፍ
እሱ ባሕሩን ያያል፣ እኔ የግድግዳውን ጽሑፍ።

ብሎኗ ከማግኔቱ ጫፍ ተንጠልጥላ ትዞራለች።
እዚሁ ነበርሽ? ከወንበሬ ሥር፣ ከእግሬ ሥር?
ስምል ስገዘት ትሰሚኝ ነበር?

በክብሪት ቤት ከተትኋት፣ በጥጥ ጠቅልዬ።
አሳንሰሩ ከክረምት ወዲህ ቆሟል፤
መለዋወጫ ጠፋ ይላሉ።
መቶ አርባ ደረጃ በእግሬ ወጣሁ፤
ጉልበቴ በየእርከኑ ስሜን እየጠራ።

ኤቫሪስቶ ከፈተ።
የክብሪቱን ቤት ተቀበለኝ፤ ጥጡን ገለጠ፤
መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ።
ብዙ ቆየ።
«በጥርስ መፋቂያ ስንጣሪ ወትፌዋለሁ» አለ።
«ይሠራል።»
ግባ አላለኝም። ሂድም አላለኝም።
ይቅርታ የምትለውን ቃል
ከደረጃው በየትኛው እርከን እንደጣልኋት እንጃ፤
አፌን ከፍቼ ቆምሁ።

ልመለስ ስዞር ግን ዓይኑ ደረቴ ላይ ቀረ፤
ጎንበስ አለ፤ ሁለት ጥፍሩን እንደ ወረንጦ ሾለ።
በግራጫ ሹራቤ ሱፍ ውስጥ
አንዲት ቀጭን ብልጭታ፣ ተጠምጥማ፣
መቶ አርባ ደረጃ አብራኝ የወጣች።

«አትንቀሳቀስ» አለኝ።

አልተንቀሳቀስሁም።