የጆሮ ድንጋይ

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ ማክሰኞ ጠዋት

አያ ውብነህ መጡ ታንኳቸውን አስረው፣
ክንፉ ቁጥር ያለው አንድ አምባዛ ቋጥረው።
ከራስ ቅሉ መሃል፣ ከምስር ያነሰች
ድንጋይ ተፈልፍላ መስታወት ለበሰች።

አንዱ መስመር ክረምት፣ አንዱ መስመር በጋ፤
ይቺ ቀጭን ጭረት ዓመት ናት? አደጋ?
«ሰባት» አለች አንጓች፤ «ዘጠኝ» አለ ይርዳው፤
ምናልባት ረሃብ ነው በመሃል የጎዳው።

መዝገቡ ሲገለጥ፣ የተለቀቀበት
ጫጩት ሳለ ነበር፣ ዛሬ ስምንት ዓመት።

ዝም አሉ ሁለቱም።

አያ ውብነህ ሳቁ፦
«የኔንም ቀበሌው በዓይኑ ነው የጻፈው፣
‹አርባ ስድስት› ብሎ ክረምቴን አለፈው።
እንዳታርሙት ብቻ! ድንጋዩ ሲወጣ፣
ዕድሜ ባለቤቱን ያን ለት ነው 'ሚያጣ።»