መሪው የሚዞረው

የእትዬ ዘነቡ የልብስ ማስጫ ሽቦ
አንድ ማለዳ ጠፋ፣ አንሶላው ጭቃ ላይ ተስቦ።
ሰፈሩ ሌባ ፍለጋ እስከ ሆጤ ሲሮጥ፣
እኔና ሙሄ ከባሕር ዛፉ ጀርባ፣ በጥርሳችን ሽቦ ስናጎብጥ።

እጅ ያለው ሙሄ ነበር፤ እኔማ አቀባይ ነኝ።
ጥርሱ ፒንሳው፣ ስንዝሩ ሜትሩ፣
አንዴ ያየው መኪና አይጠፋም ከግንባሩ።
ሐረጎን ወጥቶ ያላበው፣ አፍንጫው የሚጨስ ኤንትሬ
ፒያሳ ሲቆም ሦስቴ ይዞረዋል፣ ከሥሩም ይተኛል፤
"ነገ እንሠራዋለን፣ አጥንቼዋለሁ ዛሬ።"

ቆርቆሮው የእርዳታ ዘይት ነው፣ ጽሑፉ ያልለቀቀ፤
ጎማው ከአባቱ ሸበጥ፣ ከተረከዙ በምላጭ የተፈለቀቀ፤
(አባትየው መስጊድ ደጃፍ ጫማውን ሲያነሳ
እየሳቀ ነው አሉ፣ እየተራገመ።)
መብራቱ ሁለት ቆርኪ። ሰሌዳውም አልቀረ፤
"9" ብሎ በከሰል፣ በዕድሜያችን ልክ አሰፈረ።

ከሁሉ ግን መሪው!
ከደረታችን የሚደርስ ረጅም ሽቦ፣ ጫፉ ላይ ክብ፣
ወደ ግራ ሲሉት የፊት እግሩ ወደ ግራ የሚሳብ፣
በአይጠየፍ ቁልቁለት፣ በዚያ ሁሉ ኮረት መሃል
ጉድጓድ ሲያይ ዞር የሚል፣ እንደ ሰው የሚያስተውል።
ሞተሩ አፋችን ነው። ከንፈራችን እስኪደነዝዝ
ጠጠር ጭነን፣ ጥሩንባ እየነፋን፣ በጦሳ ጉም ውስጥ ስንጓዝ።

አጎቴ አራጋው የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበር።
ረዳቱ ኑርዬ አንድ ቀን ከኪሱ አንዲት ቀይ አወጣ፣
መዳፍ የማትሞላ፣ በሯ የሚከፈት፣ ከመርከብ ላይ የመጣች ጣጣ።
"ላንተ ትሁን፤ ያን የሽቦውን ደግሞ ለልጄ" አለኝ።
ሙሄ ቁርአን ቤት ነበር።
ሳልጠብቀው ለወጥሁ።

መጣ። አልተቆጣም። ቀይዋን ገለበጣት፣ ሆዷን በጣቱ ነካ፤
"ይቺማ" አለ፣ "መሪዋ አይዞርም ለካ።"

ያቺ ናት ይሄን አመል ያስያዘችኝ።
ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ስጽፍ በኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ፣
ትንሽ መኪና ሳልገዛ ያለፈኝ ወር አላውቅ።
ከሰኞ ገበያ የሰልባጅ ክምር፣ ከጅዳ ተመላሽ ሻንጣ፣
አንዷን በልመና፣ አንዷን በውርርድ፣ አንዷን በቁጣ።
ሁለት መቶ አሥራ አንድ ሆኑ፣ በቁም ሳጥን፣ ከመስታወት ኋላ፤
ፊያቱ፣ አይፋው፣ ላንድሮቨሩ ከነስፖንዳው፣ ከነመለዋወጫ ጎማው ከኋላ።
ዓርብ ዓርብ በሥዕል ብሩሽ አቧራቸውን አነሳለሁ፤
"ሁለት መቶ አሥራ አንድ ጣውንት!" ትላለች ዘርፌ፤ እኔም እስቃለሁ።

ከተማው በሸሸበት በዚያ በጥቅምት
ሰው ወርቁን ሲቀብር ከምድጃ ሥር፣ በሌሊት፣
እኔ እነሱን በስንዴው በርሜል ውስጥ ቀበርኩ።
ስንመለስ ስንዴው የለም። መኪኖቹ ወለሉ ላይ ተዘርግፈዋል።
ዘርፌ ባዶውን በርሜል አቅፋ ስታለቅስ፣
እኔ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ተንበርክኬ ቆጠርኩ።
አንድም አልጎደለ።

ባለፈው ሰኔ ሙሄ መጣ ከኮምቦልቻ፤
ባጃጅ ጠጋኝ ነው፣ ጣቱን ግሪስ የበላው፣ የቀሩት ጥርሶች ሦስት ብቻ።
መስታወቱን ከፈትኩለት። መነጽሩን ጠርጎ አንድ በአንድ አየ፤
እንደ ዳኛ ቆየ።
"ያምራሉ" አለ። ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ዞረ።
"ከነዚህ ውስጥ… መሪው የሚዞር የትኛው ነበረ?"

ሁለት መቶ አሥራ አንዱም ዝም።
እኔም።

ሊመሽ ሲል ነጎድጓድ አለ። ዘርፌ ልብስ ልታስገባ ወጥታ
ጮኸች፤ አንሶላዋ ጭቃ ላይ ተዘርግታ።
"ሽቦዬን ማነው የቆረጠው?"
ከእንጨት ቤቱ ጀርባ ሁለት የስልሳ ዓመት ሽማግሎች፣
ትንፋሻችንን ውጠን፣ እንደ ልጅ ልባችን ሲርቅ፤
ሙሄ ወደ እግሬ አየ፤
"ቶሎ በል" አለኝ በሹክሹክታ፣ "ሸበጥህን አውልቅ።"