የጣሳ ማሳ

አራተኛው ፎቅ ላይ፣ ደብረ ማርቆስ መሐል፣
አንዲት ክፍል ተከራየሁ፤ መስኮቷ ለፀሐይ ያንሳል፤
ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ተኩል ድረስ
ትገባለች እንደ ቸኳይ እንግዳ፣ ሳትቀመጥ ልትመለስ።

ልብስ ጠጋኝ ነኝ። ዚፕ እቀይራለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ፤
የወሩን ሒሳብ በጠመኔ ግድግዳው ላይ እጽፋለሁ፦
ኪራይ። መብራት። ክርና መርፌ። ዘይት። ሽንኩርት—
ሽንኩርቱ ጋ ስደርስ ጠመኔው ይሰበራል በድንገት።
ሳይላጥ የሚያስለቅስ ሽንኩርት አየሁ፤ ዋጋው ብቻውን።
ያን ቀን ነው የዘይት ጣሳ የበሳሁት፣ በመቀስ ጫፍ፣ ሆዱን።

አፈር እንኳ በከተማ ያለ ባለቤት አይገኝም፤
ከቀበሌው አጥር ሥር ብዘግን ዘበኛው ዝም አላለኝም፤
“ምን ልትቀብሪ ነው?” አለኝ። “ድንብላል” አልሁት። ሳቀ።
አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ቆፍሮ፣ እስከ ደረጃው አድርሶ፣ ላቡን ጠርጎ ራቀ።

ዘር ደግሞ ከየት? ማምሻ ላይ፣ ጉልቱ ሲበተን፣
ሽታዬ ከምትደፋው የላሸቀ ቲማቲም አንዱን፤
ከዛላ በርበሬ ሆድ የተራገፈች ፍሬ፤
ያቆጠቆጠች ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ከወጥ የተረፈች ለዛሬ፤
ጤና አዳም ከጎረቤት፣ አንዲት ቅርንጫፍ፣ በገንዘብ ፋንታ
የልጇን ዩኒፎርም ኪስ ሰፋሁላት፣ በአንድ ማታ።

ምስር ያጠብሁበት ውሃ አይደፋም።
የእንቁላል ቅርፊት ከሦስተኛ ፎቅ ለምኜ አመጣለሁ፤
አስኳሉን እነሱ ይብሉት፣ እኔ ልብሱን እወቅጣለሁ።
ረዥሙን የልክ መስታወት ከግድግዳው አወረድሁ፣
ወለሉ ላይ አጋድሜ ፀሐይን ወደ ጥጉ መራሁ፤
ሱሪ ሊለካ የመጣ ሰው መልኩን ፍለጋ ሲያጎነብስ
ቆስጣ ያያል።

ሁሉም አልበቀለም። ቲማቲሙ ቁመት ብቻ ሆነ፤
መስታወቱን ሲከተል አንገቱ ተቀጨ፤ እዚያው መነመነ።
ክረምት ሲገባ ነጭ ሻጋታ ጎመኑን በላው። ዝም አልሁ፤
ከደብረ ማርቆስ ሐምሌ ጋር ማን ተሟግቶ ረታ? ጣሳውን አጠብሁ።

አባቴ አንሙት ከማቻከል መጣ፣ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ፣
ክንድ ለማትሞላ ወሰን ሦስት ዓመት ተከራክሮ።
በሩ ላይ ቆሞ አየ፤ ጀሪካን፣ ጣሳ፣ የባልዲ ቅዳጅ፤
“እንጉዳይ” አለኝ፣ “ጣሳ ታርሻለሽ? የኔ ልጅ?”
ስሜን ያወጣልኝ እሱ ነው፤ በጥላ የሚያድገውን፣
ማንም ሳይዘራው ከበሰበሰ ግንድ ላይ የሚወጣውን።

ራት ሽሮ ነበር፤ ከጎኑ አንዲት ቃሪያ፣ ለሁለት የተከፈለች፤
ፍሬዋን አልጣልንም፤ ለመጪው ጣሳ በወረቀት ተጠቀለለች።
ሌሊት ሳሉ ቀሰቀሰኝ። ጣሳዎቹ ዘንድ ተንበርክኮ
አፈሩን በሁለት ጣት ቆንጥሮ፣ ሽቶ፣ በምላሱ ለክቶ፣
“ርቦታል” አለ፣ ለኔ ሳይሆን ለጣሳው፣ እንደ ሐኪም።
“ፍርዱሳ?” አልሁት። “ተቀጠረ።” ሌላ ቃል አልጨመረም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ በፌስታል ፍግ ይዞ መጣ፤
የአውቶቡሱ ረዳት አፍንጫውን ይዞ ሲቆጣ
“የልጄ እርሻ ቀለብ ነው” ብሎ የጭነት ከፍሎ፣
ጭኑ ላይ አስቀምጦት ተጓዘ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ፣ አባብሎ።

ራሴን ቻልሁ አልልም። ሽንኩርት አሁንም እገዛለሁ።
ግድግዳው ላይ ግን “ቃሪያ” ካለው ፊት ለፊት
ሁለት ወር ተከታታይ ዜሮ ጽፌያለሁ፤
ደንበኛ ሲያየው ዕዳ ይመስለዋል። እኔ እያየሁት እሰፋለሁ።

ሦስት ሰዓት ሆነ። ፀሐይ መስታወቱ ላይ አረፈች።
መርፌዬን ኮሌታዬ ላይ ሰክቼ ጣሳዎቹን አዞራለሁ።
አንድ ሰው በሩን ይመታል።
“ግባ” እላለሁ፣ “ድንብላሉን እንዳትረግጠው።”