የዘንዶው ቀለብ

ማክሰኞ ማታ ነው፤ በኮርንዎል ወደብ
ዶፉ እየወረደ፣ ታስሮ ሲላጋ ጀልባው ከነመረብ፣
የጣሪያ ድንጋይ ስጠርብ የዋለ ጣቴን ሳልለቃለቅ፣
ደብተሬን ከካፖርቴ ከትቼ፣ እንዳይርስ ስጠነቀቅ፣
ደረጃውን ወጣሁ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ላይኛ ክፍል፤
አንዲት አሮጊት አለች፣ ዘንዶን የምታስተምር እንደ ቁጥር፣ እንደ ፊደል።

ስሟ ሞርዌና ነው። ሰማንያ አልፏታል።
መነጽሯ በክር ታስሮ ካንገቷ ይወርዳል።
ካፏ ደግ ቃል አይወጣም፤ እርሳሷ ግን ይናገራል።

ሦስት ሳምንት ደክሜ የጻፍሁትን ሰጠኋት፤
ዘንዶዬ ሰባት ከተማ ያነዳል ባንድ ሌሊት፣
ንጉሡ ይሸሻል፣ ሰይፉ በራሱ ያበራል፣
ጠንቋዩ በትሩን ሲያነሣ ሰማይ እንደ ጨርቅ ይቀደዳል።

አነበበች። ዝም። ዝናቡ መስኮቱን መታው።
«ይኼ ዘንዶ» አለች «ቀለቡን ማን ቻለው?
በዓመት ስንት በግ ነው? ካሳውን ማን ከፈለው?
ክረምት ሲገባ ደሙ አይረጋም? የት ይተኛል?
ሲያስነጥሰው ማን ይሞታል? ማንስ ይስቃል?
ካርታህ ላይም ወንዙ ሽቅብ ይፈሳል፤ ምን ነካው?
ወይ ምክንያት ስጠው፣ ወይ ቁልቁል ልቀቀው።
ስምም ከሰማይ አይወርድ፤ ለእራት ተጠርቶበት፣
ተሰድቦበት፣ ተለቅሶበት ነው ሰው የሚሆንበት።»

እኔ ዝም። ጆሮዬ ጋለ።
የገነባሁት ግንብ በእጄ ላይ ቀለለ።

«ድንቁን ለማሳመን ዳቦውን አስቀድም፤
ዳቦው ካልሸተተ፣ ተአምሩ አይጥም።
ጣሪያ ሠሪ አይደለህ? ታውቀው የለ ነገሩን፤
ላይኛው ድንጋይ ካልደረበ የታችኛውን ጫፉን፣
ውሃው መንገድ አያጣም። ጥርጣሬም እንደዚያው ነው፤
ቀጭን ስንጥቅ ካገኘ፣ ቤቱን ነው የሚያፈርሰው።»

ከመደርደሪያው ግርጌ፣ ጀርባው የተላጠ፣
አንድ መጽሐፍ ሳበች፤ ሽፋኑ እንደ አሮጌ ጫማ ያበጠ።
«አንብበው» አለችኝ «ለመደነቅ አንዴ፤
ሁለተኛ እንደ ሌባ፣ ለመስረቅ ዘዴ።»

ሌሊቱን አነበብሁት፣ ከኩሽናው ወንበር ላይ፤
ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ጎሕ ቀደደ ሳላይ።
ስሟን በጨው የሸጠች ንግሥት ነበረች በውስጡ፤
ሊጠሯት አፍ ከፍተው፣ ባዶ ሆኖባቸው ሰዎች የሚደነግጡ።
አለቀስሁ መሰለኝ። የጣሪያ ሠሪ ልቅሶ፤
ድምፅ የለው፣ አፍንጫ ብቻ፣ በእጅጌ ታብሶ።

ሁለተኛ ስመለስ፣ እንደ ሌባ፣ በእርሳስ፣
አየሁ ደራሲው እንዴት እንደሚቀንስ።
ስሟን ስትሸጥ መብረቅ የለ፣ ነጎድጓድ የለ፤
ሚዛን ብቻ፣
በነጋዴው አውራ ጣት ተጭኖ ያዘነበለ።
ያቺ ጣት ናት አገሩን ያሳመነችኝ፤
ከሺህ ዘንዶ ይልቅ እሷ ነች ያስፈራችኝ።

ከኅዳጉ ደግሞ የልጅ ጽሕፈት አገኘሁ፤
«ጨዉን ምን አደረገችው?» ይላል፤ በደበዘዘ እርሳስ አየሁ።
ከኋላው ሽፋን፣ የውሰት ካርዱ ላይ፣ ከስሞች ዝርዝር፣
ሞርዌና፣ ክፍል አምስት። ከሰባ ዓመት በፊት ነበር።

«ጨዉስ?» ብዬ ጠየቅኋት ማክሰኞ ስንገናኝ፤
መነጽሯን አወለቀች፣ ረጅም ጊዜ አየችኝ።
«እስከ ዛሬ» አለች «እኔም አላወቅሁም፤
ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ፣ ይሄኔ አላስታውሰውም።
ሁሉን አታጉርሰው፤ አንባቢህ ይራብ ጥቂት።»
ሳቀችም መሰለኝ። ወይ ሳል ነው። አልለየሁት።

ከሰባቱ ከተማ ስድስቱን ሰረዝሁ። ቀረ አንድ፣
ዓሣ የሚሸት መንደር፣ ያለ ግንብ፣ ያለ ዘውድ።
ዘንዶዬም አረጀ፤ ጥርሱ ረግፏል፣ እሳቱ ሳል ሆኗል፤
ከወደቡ ማዶ፣ ከተተወ የኖራ ምድጃ ውስጥ ተኝቷል።
ኬሬንሳ የምትባል ባልቴት፣ ባሏን የበላባት እሱ ነው ይላሉ፣
ሐሙስ ሐሙስ የዓሣ ራስ፣ በጋሪ ሙሉ፣
ትገፋለታለች። ለምን እንደሆነ አልጻፍሁም።
እኔም አላወቅሁም።

ደብተሬን መለሰች። አልሰረዘችም። አላመሰገነችም።
ከ«ጋሪ» ሥር ብቻ በእርሳሷ አስምራለች፤
«መንኮራኩሩ ሲጥ ሲጥ ይበል» ትላለች።