የዝናብ ደብተር

ከጅማ ስትወጣ፣ የየቡን መንገድ ይዘህ፣
ድልድዩን ስትሻገር፣ ጥዶቹን ቆጥረህ፣
ከሰባተኛው ስር፣ ከምሰሶው ጫፍ ላይ፣
አፏን የከፈተች ጣሳ አለች ለሰማይ።
የዘይት ነበረች፤ ዛሬ ዝገት በልቷት
ቢጫ ቀለሟ ሸሽቶ፣ ጽሑፏ ጠፍቶባት።

ኦቲሊያ ክራይዘል ይላታል ወረቀት፤
የቡ ግን ባንድ አፉ አዴ ኦቲ አላት።

አባቷ ጎትፍሪድ መጋዝ ሊተክል መጥቶ
ከወንዙ ዳር ቀረ፣ በወባ ተመትቶ።
እናቷ አልሄደችም። ሁለት ጊደር ገዛች፤
የመጋዙን ብረት፣ ያን ሁሉ ባሕር ያቋረጠውን፣
ማረሻ አድርጋ አስቀጠቀጠች።
ኦቲ በዚያው ሰኔ ተወለደች፣ ወንዙ በሞላበት ቀን፤
አዋላጇ ዘይነባ በበቅሎ ተሻግራ ወንዙን፣
እርጥብ ነጠላዋን ጨምቃ ሕፃኗን ጠቀለለች።
ከሰማይ ጋር ሒሳብ ያኔ ሳትጀምር አልቀረች።

ከላሞቿ ጋራ በኦሮምኛ ታወጋለች፣
ከግብር ሰብሳቢ ጋር ባማርኛ ትሟገታለች፣
ጀርመንኛ ለሁለት ነገር፤ ለቁጥርና ለንዴት።
ሰባ ስምንት ዓመት፣ በየማለዳው፣ ባንድ ሰዓት፣
በቦት ጫማ፣ በአባቷ ኮት፣
ጣሳዋን ታወርዳለች፣ በማስመሪያ ትለካለች፣
እርሳሱን በምላሷ አርሳ ደብተሩ ላይ ታሰፍራለች።

ከቁጥሩ ጎን ያለችውን፣ ያችን ጠማማ ጽሕፈት፣
ድንች ስትልጥ ትነግረኝ ነበር፣ ማታ ማታ ከምድጃው ፊት፦
«ሠላሳ ሁለት። ቡሬ በሌሊት ወለደች፤ ጥጃው በእግሩ መጣ።»
«ስምንት። እንግሊዞች ወንድሜን በካሚዮን ወሰዱት።
ነዚፍ እኔንና እማማን ጎተራው ውስጥ ከተተን።»
«አሥራ አንድ። ዝንጀሮ በቆሎውን ጨረሰው። እማማ ስትስቅ ሰማሁ።»

ነዚፍ አያቴ ነው። ሲጠየቅ ስለ ጎተራው፣
«በቆሎ ነበረበት» ይላል፤ ሌላ ቃል አይወጣው።

አንድ ገጽ ላይ ስትደርስ ግን ቢላዋዋ ይቆማል።
«ባዶ። ጌጤነህ አልመጣም» ይላል።
የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፣ በደሌ የሚመላለስ።
ከዚያ ስድስት ቀን ነጭ ወረቀት፤ ያለ ቁጥር፣ ያለ እርሳስ።
«ዘንቦ ነበር?» አልኳት።
«ለላሞቹ ዘንቦ ነበር» አለችና
ልጣጩን አሸከመችኝ፣ ወደ በረት እንድወስድላት።

መሬት ላራሹ የታወጀ ጊዜ፣ ዋርካው ስር ተቀመጡ።
«ባላባት ናት ወይስ ገበሬ?» አሉ ከከተማ የመጡ።
ማንም አልመለሰም። አያቴ ብቻ ተነስቶ
መዳፏን ገለበጠው፣ እንደ ገበያ ዕቃ ዘርግቶ፣
ከተማሪዎቹ መዳፍ ጎን አስቀመጠው።
ሩብ ጋሻ አስቀሩላት፤ የቀረውን ማኅበሩ ወሰደው።
በማግስቱ ጻፈች፦ «አሥራ ዘጠኝ። አጥሬ አጠረ፤
ለመዞር አይደክመኝም።»
ሌላ አልጨመረችም፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

ዓይኗን ሞራ ሲጋርደው ማስመሪያውን ለኔ ሰጠች፤
ግን አላመነችኝም፤ ጣቷን ነክራ በአንጓዋ ለካች።
«ሁለት አንጓ ከጥፍር» ትላለች፤ እኔ «ሃምሳ አንድ» እላለሁ።
የትኛችን እንደተሳሳትን እስካሁን እጠራጠራለሁ።

በዘጠና ዓመቷ፣ በነሐሴ፣ ዶፍ ሲወርድ ባደረበት ሌሊት
አረፈች።
የነዚፍ ልጆች፣ የዘይነባ የልጅ ልጆች፣ ቆፈሩ፤
ውሃው ግን ቀደማቸው፤ ጉድጓዱ ሞላ እስከ ዳሩ።
አካፋ ውሃ አይዝም። ባልዲው ተሰብሮ ነበር።
አጎቴ ወደ ምሰሶው ሮጠ፤
ጣሳዋን ይዞ ወረደ፤ ጨለፈ፣ ጨለፈ፣ እስኪታይ አፈር።

ማታ ደብተሩን ከፈትኩ። እርሳሱን በምላሴ አራስኩ።
ቀኑን ጻፍኩ።
ከቀኑ ጎን የሚገባው ቁጥር ግን የለኝም።
ያን ቀን ስንት እንደዘነበ አልተለካም፤
ጣሳዋ ሥራ ላይ ነበረች።