በመሳቢያ ውስጥ የከረመች ጥንቸል

በሂሚ ወደብ ላይ፣ ኅዳር ሲጋመስ፣
ባሕሩ ሲጠቁር፣ ነፋሱም ሲነክስ፣
ፉሚዬ ጠረጴዛዋን ወደ መስኮት ስባ
መዳፍ የምታህል ሰሌዳ፣ ሦስት መሮ፣ አንድ ጠባብ ቢላ
ታሰናዳለች፤ የካርዱ ወራት ገባ።

እኛ ዘመናችንን ለአራት ወንጌላዊ እንደምናካፍል፣
እነሱ ለዐሥራ ሁለት እንስሳ ሰጥተውታል፤ መጪው የጥንቸል።
አይጥ ትጀምራለች፣ ከርከሮ ይዘጋል፤
ያመለጠህ እንስሳ ዐሥራ ሁለት ክረምት ያስጠብቅሃል።

ስለዚህ ጥንቸል ቀረጸች፣ በማዕበል ላይ የምትዘል፤
የቆየ ንድፍ ነው፣ በሰሃን፣ በመጋረጃ፣ በጣራ ክዳን ላይ ይታያል።
ባሏ ቶኩዞ፣ መረብ ጠጋኙ፣ ከኋላዋ ቆሞ አየና
"ይሄ ማዕበል የሌላ አገር ነው" አላት፣ እርሳሷን ተቀበለና፤
"የኛ ባሕር እንዲህ ተኩነስንሶ አይጠቀለልም፤
አጭር ነው፣ ቁጡ ነው፣ ሰው አይጠብቅም።"
አርባ ዓመት ያየውን በሁለት መስመር ጫረ።
እሱን ስትሰማ መሮው ሾለከና
የጥንቸሏ ግራ ጆሮ ከጫፉ ተሰበረ።
ዝም ተባባሉ።
"ተያት" አለ ቆይቶ፣ "ግማሽ ወሬ ትስማ፤
ሙሉውን የሰማ ማን አለ፣ በዚህ ከተማ?"

ወረቀቱ የዛፍ ልጥ ነው፣ ተቀቅሎ፣ ተወቅጦ፣ በወንፊት የተሰጣ፤
ዳሩ ያልተከረከመ፣ ብርሃን ሲያዩበት ጭረቱ የሚወጣ።
ሰሌዳውን ሰማያዊ ቀባች፤ ወረቀቱን አለበሰች፤
በቀርከሃ ቅጠል በተጠቀለለ ክብ ትራስ ጀርባውን አሸች፤
ከጥግ ይዛ ላጠችው።
ሰማንያ ጊዜ።
ሰማንያ ጥንቸል በመረብ ገመድ ላይ፣ በልብስ መቆንጠጫ ተሰቀለ።
ቶኩዞ አንዷን ሳትደርቅ ነካት፤
የአውራ ጣቱ አሻራ ከማዕበሉ ስር ቀረ።
"ይቺን ደግሞ ለማን ልላካት?" ብላ ተቆጣች።
"ለኔ" አለ። "አድራሻዬ አልተቀየረ።"

በዚያው ሳምንት ዓሣ ቀስቃሹ የክረምት ነጎድጓድ መጣ።
ወደቡ ሁሉ እየሳቀ ወደ ጀልባው ሲወጣ
ቶኩዞ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ አልተነሣ።
ልቡ ነው አሉ።
ባገሩ ደንብ ሐዘን የገባበት ቤት "እንኳን አደረሳችሁ" አይልም፤
"እንኳን አደረሰሽ"ም አይባልም።
ጠርዙ ግራጫ የሆነ ካርድ ገዝታ ከሱቅ፣
"ዘንድሮ ሰላምታ አንልክም" ብላ ጻፈች፣ ለቅርብም ለሩቅ።
ሰማንያዋን ጥንቸል በጋዜጣ ጠቅልላ ከመሳቢያ ከተተች፤
መሳቢያው አልገባ ቢል በጉልበቷ ገፋች።

ዘንዶው መጣ፣ እባቡ፣ ፈረሱ፣ በጉ፤
ለሁሉም የሱቅ ካርድ ላከች፤ መሮዎቿ ዛጉ።
ዝንጀሮ፣ ዶሮ፣ ውሻ፤ ከርከሮው ዙሩን ዘጋ፤
አይጧ፣ በሬው፣ ነብሩ... አንድ ማለዳ ሲነጋ
ፖስታ ቤቱ በር ላይ የጥንቸል ሥዕል ተለጥፎ አየች።
በጣቷ ቆጠረች፤
ጣቷ አለቀ፤ ሁለት ዓመት ተረፈ።

ጋዜጣውን ፈታች። ሰማያዊው አልደበዘዘም፤
ወረቀቱ ትንሽ ወይቧል፣ እሱም አላስከፋም።
የአድራሻ ደብተሯን ገለጠች፦ ይሄ ሞቷል፤
ያቺ ልጇ ጋ ሄዳለች፤ የዚህኛው ሱቅ ተሽጧል።
ከሰማንያ ካርድ ለሠላሳ አንዱ ስም ተገኘ።
ሠላሳ አንድ ጊዜ በቀጭን ብሩሽ ጻፈች፦
"እንኳን አደረሳችሁ። ትንሽ ዘገየሁ።
ማዕበሉ የቶኩዞ ነው።"
የቀረችው አሻራ ያለባት ናት።
ብዙ አላሰበችም። የገዛ ቤቷን አድራሻ ጻፈችባት።

በአዲሱ ዓመት ጠዋት ልጅ እግር ፖስተኛ በበረዶው መጣ፤
የካርዶቹን እስር ሰጣት፤ አንዷን ግን ይዞ አመነታ።
"ቶኩዞ የሚባል ሰው... እዚህ...?"
"ደርሷል" አለችው።
ካርዱን ይሁን ሰውየውን፣ እሷም አልለየችው።

ከዚያ ገብታ መሮዎቿን ከሞረድ ድንጋይ ጋር አወጣች።
ለዘንዶው ገና ዓመት አላት፤
ግን ቅርፊቱ ብዙ ነው።