ማስረጃ በፌስታል

ጀልባው ከደቅ ወጣ በሌሊት፣ በጭጋግ፤
በጉልበቴ መሐል አንድ ጥቁር ፌስታል፣ እጄ ላይ አንድ ሕግ።
ረቂቅ ነው ገና፤ ሠላሳ ሁለት ገጽ፣
ባለዘጠኝ ክፍል፣ ባለብዙ አንቀጽ።
ባለጀልባው ገድፌ ገመዱን ሳበና፣
«ዓሣ ማንበብ ቻለ?» አለኝ፤
ዝም አልኩት፤ ልክ ነው፤ አይችልምና።

ባሕር ዳር ስንደርስ ዘንባባው ሥር ሁሉ ባጃጅ ተሰልፏል፤
የምክር ቤቱ በር ላይ መታወቂያ እስኪታይ አንድ ሰዓት አልፏል።
ጥበቃዋ ፌስታሉን ከፈተች፤ ሽታው ገፋት ወደ ኋላ፤
«ምንድን ነው?» «መረብ ነው።» «ለምን?» «ማስረጃ ነው።»
«እኔስ አልነካውም፣ ጥሩልኝ ሌላ!»

የጠዋቱ ኮሚቴ። አሥራ አንድ ወንበር፣ ስድስት ሰው።
ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ በክራቫቱ ጫፍ ወለወለው።
«የተከበሩ ወይዘሮ አንጓች ይመር፣
አምስት ደቂቃ አለዎት፤ ቁልፉን ይጫኑትና ይጀመር።»

ተጫንኩት። ቀይ መብራት በራ።
ሌሊቱን የጻፍኩትን፣ «ከዚህ አኳያ» ያልኩትን፣ «በመሆኑም» ያልኩትን ተውኩና
መረቡን ዘረጋሁት ጠረጴዛው ላይ፣
ከውኃው ጠርሙስ እስከ ፋይሉ ቁልል፤
ጣቴን በዓይኑ ሰደድኩ፤
ትንሿ ጣቴ እንኳ አንጓዋ ላይ ቆመች።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ይሄ ዓይኑ ጠባብ ነው፤
ጠባብ ዓይን ደግሞ ያየውን ሁሉ ነው የሚመኘው።
እንቁላል የያዘችውን፣ ገና ያልወለደችውን፣ የጣት ታህል ልጅ
አብሮ ነው የሚያወጣት፤ እኔም አውጥቻለሁ በዚሁ በእጅ።
አሥራ አራት ዓመት ዓሣ ስሸጥ ኖርኩ፤ ማን ልኳን ጠየቀኝ?
ጥቂት ዓይኑ ይስፋ፣ ልጅ ያሳልፍ፤
ከዚህ በላይ ቃል ጨነቀኝ።»

ጸጥታ።
ከዚያ አንድ አባል፦ «በሴንቲ ሜትር ስንት ነው?»
ማስመሪያ ተፈለገ። በዚያ ሁሉ ሕንጻ ማስመሪያ የለም።
አንዱ በእስክሪብቶው ክዳን፣ አንዱ በመታወቂያው ጠርዝ ለኩት፤ አልተስማሙም።
ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ልጅ ቀስ ብሎ፦ «ሦስት ጣት ብዬ ልጻፍ?»
«የማን ጣት?» አሉ ሰብሳቢው።
የሴት ጣት፣ የወንድ ጣት፣ የገበሬ ጣት፣ የጸሐፊ ጣት፤
እዚያ ላይ ሃያ ደቂቃ ሄደ።
የእኔ አምስት አልቃ ነበር።

ለምሳ ሐይቁ ዳር ወሰዱን።
ሰሐኑ መጣ፤ በዘይት የተጠበሰች ቆረሶ፣ ከነጭራዋ ከነዓይኗ፣
ከስንዝር አጥራ ተጋድማለች፣ የሎሚ ክፋይ በጎኗ።
ሰብሳቢው አዩኝ። አየኋቸው።
ማስመሪያ ማንም አልጠየቀም።
ርቦኝ ነበር። በላኋት።
ይሄ በቃለ ጉባኤው አልሰፈረም።

ከሰዓት፣ የሐይቁ ዳርቻ አዋጅ፦
ምልዓተ ጉባኤ ጎድሎ ወደ ኅዳር ተዛወረ።
ቀጥሎ የጀልባ ቀረጥ፦
ደመናው ወርዶ ሳለ መብራት ጠፋ፤ በስልክ ብርሃን ሁለት አንቀጽ አነበብን።
«አንቀጽ» በግእዝ በር ማለት ነው ይሉ ነበር የኔታ፤
አርባ ሁለት በር ያለው ቤት!
የገባበት ግን የለም፣ ከጨለማ በቀር፣ በዚያ ማታ።

ወደቡ ላይ ገድፌ ቆሞ ጠበቀኝ። «እህ፣ ጸደቀ?»
«ለሚመለከተው አካል ተመራ።»
«የሚመለከተውስ ማነው?» ብሎ ሳቀ፤
ወዲያው ሳቁን ዋጠ፣ ፊቴን ሲያይ መሰለኝ።
«ነፋስ አለ፣ ነገ እንሻገራለን» አለኝ።

መረቡን አወጣሁና በውኃው ላይ አራገፍኩት፤
ከጠባቡ ዓይን አንድ ነገር ተንጠልጥሎ ብልጭ አለ፦
የወረቀት አግራፍ፣ ከማን ፋይል እንደመጣች እንጃ።
የቀኑ ዓሣ እሷ ናት።
ልኳ አይደርስም፤
ግን አልመለስኳትም።